ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ፦ አወሳሰዱና ጥንቃቄው



ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ክትባት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ዛሬ የማነሣው ግን እዚህ ካኩማ ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናውቀው በየቤታችን ስለሚገባ አንድ መድኃኒት ነው። ይኸውም በቀዶ ጥገና ለወለዱ እናቶች፣ እግራቸው ለተሰበረና ለረጅም ጊዜ ለተኙ ሕመምተኞች፣ ደማቸው እንዳይረጋ ተብሎ ሆድ ላይ የሚወጋው ትንሽ መርፌ ነው። እኔ መምህር እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤቴ የደረሰው ነገር ሲሆን፣ የቀረውን ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁት ነው።

በቤቴ የደረሰው

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን የወለደችው ከካምፑ ውጪ በሚገኝ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ነበር። ስንወጣ መድኃኒት የተሞሉ አሥር ትንንሽ ስሪንጆች ተሰጡን። ነርሷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ በየቀኑ አንድ አንድ ሆድ ላይ እንደሚወጋ አሳየችን። «ገባችሁ?» ብላ ስትጠይቀን ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እውነቱን ለመናገር፣ ለምን እንደሚወጋ አልገባኝም ነበር። መምህር ሆኜ «አልገባኝም» ማለቱን አፍሬ ዝም አልኩ።

ሦስት ቀን ወጋናት። በአራተኛው ቀን መርፌው ያረፈበት የሆዷ ቆዳ በልዞ ታየ። አራስ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት ጎረቤታችን እናት አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ መርፌ ሥጋዋን እያበላሸው ነው። ደግሞስ አሁን ምን ሕመም አላት?» አሉኝ። ትኩሳት የላትም፣ ቁስሏም እየደረቀ ነው። ነገሩ እውነት መሰለኝና መርፌውን አቆምን። የቀሩትን ሰባት ስሪንጆች መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። በማግስቱ ሌላ ጎረቤቴ እግሩ ላበጠ ወንድሙ ሁለቱን እንድሰጠው ለመነኝ። ልሰጠው ተነሥቼ ነበር፤ እንግዳ መጥቶብኝ ሳልሰጠው ቀረሁ።

መርፌውን ካቆምን በአራተኛው ሌሊት ግራ ባቷን ወጥሮ ያዛት። ሲነጋ ግራ እግሯ ከቀኙ በግልጽ አብጦ ነበር። ውኃ አሙቄ፣ ቅባት ይዤ ላሻት ስል ሕፃኑን ልትጎበኝ የመጣች የአገራችን ልጅ የሆነች የጤና ሠራተኛ በር ላይ ደረሰች። «መምህር፣ እንዳይነኳት!» ብላ ጮኸች። ወዲያው አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ተወሰደች። በአልትራሳውንድ ሲታይ በጭኗ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። አሥር ቀን ይበቃት የነበረው መድኃኒት ሦስት ወር ሆነባት። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ደህና ናት፤ ልጁም ይሮጣል። ጥፋቱ ግን የነርሷም የጎረቤቴም አልነበረም፤ ሳይገባኝ ገብቶኛል ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ደም ለምን ይረጋል?

«ረጋ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ከወተት እናውቀዋለን። ወተት ሳይነካ ሲቀመጥ ይረጋና እርጎ ይሆናል። ደምም የመርጋት ጠባይ አለው፤ አረጋጉ ግን ከወተት ይለያል። ይህ ጠባይ ለጥቅማችን የተሰጠ ነው። ቢላ ጣታችንን ሲቆርጠን ደሙ ጥቂት ፈስሶ የሚቆመው ስለሚረጋ ነው። ችግር የሚሆነው በደም ሥር ውስጥ ሊዘዋወር የሚገባው ደም ያለ ቦታው ሲረጋ ነው።

ይህ በአብዛኛው የሚደርሰው በእግር ላይ ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣው የባታችን ጡንቻ በተንቀሳቀስን ቁጥር እየጨመቀ ስለሚገፋው ነው። ሰው ብዙ ቀን ሲተኛ ያ ግፊት ይቀንስና ደሙ ይተኛል። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ደግሞ፣ እናቲቱ በምጥ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ሰውነቷ ራሱ ደሟን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። በቀዶ ጥገናና በስብራት ጊዜም የደም ሥሮች ይጎዳሉ። እነዚህ ነገሮች ሲደራረቡ አደጋው ይጨምራል።

በመሆኑም ይህ መርፌ በብዛት የሚታዘዘው ለሚከተሉት ሰዎች ነው፦

- በቀዶ ጥገና ለወለዱ ወይም በእርግዝና ጊዜ ለደም መርጋት ለተጋለጡ እናቶች፤
- ትልቅ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው፣ በተለይም በዳሌና በጉልበት ላይ፤
- እግራቸው ተሰብሮ ጀሶ ለታሰረላቸው አንዳንድ ሕመምተኞች፤
- በከባድ ሕመም ወይም በካንሰር ምክንያት ለተኙ፤
- ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው ለነበሩ።

እግር ላይ የረጋው ደም ተላቆ ከደም ጋር ቢሄድ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል። ያን ጊዜ ሰው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ሊሞት ይችላል። «ደህና ነበረች፣ ድንገት ወድቃ ሞተች» ከሚባሉት እናቶች አንዳንዶቹ የሚሞቱት በዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አራስ አንድ ነገር ልበል። አራስን ከሥራ ማሳረፍና መንከባከብ ደግ ባህላችን ነው። ነገር ግን ማረፍ ማለት ከመኝታ አለመነሣት አይደለም። ሐኪም ካልከለከላት በቀር ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ብትራመድ፣ ተኝታም እግሯን ብታንቀሳቅስ፣ ውኃና አጥሚት ሳይጓደልባት ብትጠጣ ለደሟ ይጠቅማታል።

መርፌው ምን ይሠራል?

የመድኃኒቱ ዘር ሄፓሪን ይባላል። በ1916 እ.ኤ.አ. ጄይ ማክሊን የሚባል የሕክምና ተማሪ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ከጉበት አገኘ። ስሙም ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ ለየቤታችን የሚሰጠው ከሄፓሪን ተከፍሎ የሚሠራው ኢኖክሳፓሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ይህ መርፌ የረጋውን ደም አያሟሟም። አዲስ እንዳይረጋ፣ የረጋውም እንዳይጨምር ያግዳል እንጂ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ሰውነታችን ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ የዛሬው መርፌ ለነገ አይተርፍም። ኃይሉ በየሰዓቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ በየቀኑ መወጋቱ የግድ ነው። ስለዚህ «ሕመም የለብኝም» ብሎ ማቆም፣ ዝናብ ስላላገኘኝ ጣሪያ አያስፈልገኝም እንደ ማለት ነው። መርፌው የሚሰጠው ሕመሙ እንዳይመጣ ነውና።

«ለምን በክኒን አይሰጥም?» ለሚሉ፣ ሄፓሪን በአፍ ቢወሰድ ወደ ደም አይገባም። ዋርፋሪን የሚባል ክኒን አለ፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ የደም ምርመራ ይፈልጋል፣ በእርግዝና ጊዜም ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ኢኖክሳፓሪን ወደ ፅንሱ አያልፍም፤ የምታጠባ እናትም ልትወስደው ትችላለች።

መርፌው እንዴት ይወጋል?

መጀመሪያ ነርስ ወይም የጤና ሠራተኛ እያየ መለማመድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በስሪንጁ ላይ የተጻፈው መጠን ከታዘዘላችሁ ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ቁራጭ ነገር ከታየበት አትጠቀሙበት።

2. ጋደም ወይም ደገፍ በሉ። ከእምብርት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በጎንና በጎን ካለው የሆድ ቆዳ አንድ ቦታ ምረጡ። ጠባሳ፣ የቀዶ ጥገና ቁስል ወይም የበለዘ ቦታ ላይ አይወጋም።

3. ቦታውን አጽዱና እስኪደርቅ ጠብቁ።

4. ክዳኑን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ስሪንጁ ሙሉውን የሚወጋ ከሆነ ውስጡ የምትታየውን ትንሽ የአየር አረፋ አታስወጡ፤ መድኃኒቱ አብሮ ሊፈስ ይችላል። ከፊሉ ብቻ ከታዘዘላችሁ ነርሷ ታሳያችሁ።

5. በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆዳውን ከነስቡ ቆንጥጣችሁ ያዙ። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡ። መድኃኒቱን ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ መርፌው እስኪወጣም ቆዳውን አትልቀቁ።

6. መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ቢደማ በንጹሕ ጥጥ ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑት። አትሹት፤ ማሸት ያበልዘዋል።

7. ዛሬ በቀኝ ከተወጋ ነገ በግራ ይወጋ።

መርፌው በገባበት ቦታ ትንሽ መበለዝ የተለመደ ነው። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር። እየሰፋ ከሄደ፣ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ግን መታየት አለበት።

ሰዓቱና ቁጥሩ

መርፌው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወጋ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በሆስፒታል ወረቀት ላይ 8 ሰዓት ምሽት ተብሎ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ራሳችሁ በእኛ አቆጣጠር ከጎኑ ጻፉት።

በደብተር ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ በተወጋችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ፤ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑንም ጻፉ። ብትረሱ እንዳስታወሳችሁ ተወጉ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የረሳችሁትን ተዉትና የዕለቱን ብቻ ተወጉ። ለማካካስ ተብሎ ሁለት በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይወጋም። በስሕተት ከመጠን በላይ ከተወጋ፣ ሰውየው ደህና ቢመስልም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የሚወሰድበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪም ነው። ከወሊድ በኋላ ለአንዷ እናት 10 ቀን ሲታዘዝ፣ አደጋው ለሚበዛባት ደግሞ 6 ሳምንት ይታዘዛል። መጠኑም በሰው ክብደትና በኩላሊት ጤንነት ይለያያል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ማወዳደር አይጠቅምም።

በዚህ ሙቀት የት እናስቀምጠው?

ኢኖክሳፓሪን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቀመጥ አለበት፤ በረዶ መሆንም የለበትም። በካኩማ ቀን ቀን ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥማ ይብሳል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው፣ ከተቻለ፣ መድኃኒቱን ጤና ጣቢያው እንዲያስቀምጥላችሁና በየቀኑ እየሄዳችሁ እንድትወጉ መጠየቅ ነው። ቤት ከሆነ ግን ካርቶኑን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ያንን በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡና መካከሉን በአሸዋ ሙሉት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡ፤ በላዩም እርጥብ ጨርቅ አልብሱት። ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። በረዶ ላይ አታድርጉት። ፀሐይ ላይ የዋለ ወይም በጣም የሞቀ መድኃኒት ካላችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ጠይቁ።

ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑት። ወፍራም የላስቲክ ዕቃ ወይም ክዳን ያለው ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ጨምሩት፤ ሲሞላ ለጤና ጣቢያው መልሱ። ቆሻሻ መጣያ፣ ሽንት ቤት ወይም ደረቁ ወንዝ ውስጥ አይጣል። ልጆቻችን በባዶ እግራቸው የሚሮጡት እዚያው ነው።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

- ለሌላ ሰው አለመስጠት። የእግር እብጠት ከልብ፣ ከኩላሊት፣ ከቁስል ወይም ከሌላ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ጨጓራው ለሚደማ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ መርፌ አደጋ ነው። እኔ ሁለቱን ስሪንጆች ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

- ያበጠ እግር አለማሸት። ወጌሻ ጥሩ ሙያ አለው፤ ደም የረጋበት እግር ግን ሲታሽ የረጋው ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

- ዋግምትም ሆነ ብጣት አለማድረግ። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምም። ጥርስ ማስነቀልም ቢሆን ሐኪም ሳያውቅ አይደረግ።

- ከሱቅ ማስታገሻ ገዝቶ አለመዋጥ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሐኪም አውቆ ካላዘዛቸው በቀር ከዚህ መርፌ ጋር መድማትን ያባብሳሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። የአገር መድኃኒት የምትወስዱም ከሆነ ለነርሷ ንገሯት።

ከምን ይሠራል?

ይህን ነገር መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ሄፓሪን የሚሠራው በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው፤ ኢኖክሳፓሪንም ከዚያው ይወጣል። እኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማንበላ፣ ይህን ከሌላ ሰው ሰምቶ በድብቅ መርፌውን የሚተው ይኖራል። አደጋው በድብቅ መተው ላይ ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ በግልጽ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከእንስሳ የማይሠራ ፎንዳፓሪነክስ የሚባል ሌላ መርፌ አለ። በየቦታው ላይገኝ ወይም ለሁሉ ላይስማማ ስለሚችል የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼሁንም አማክሩ፤ ሕይወትን ለማዳን ስለሚወሰድ መድኃኒት የሚሉትን ከራሳቸው አንደበት ስሙ። እስከዚያው ግን አታቋርጡ።

ሳይዘገይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ደም መርጋቱን የሚያመለክቱ፦ የአንድ እግር ማበጥ፣ የባት ወይም የጭን ሕመም፣ የቆዳው መሞቅ፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረትን መውጋት፣ ደም ያለበት አክታ፣ ራስን መሳት። የጠይም ሰው ቆዳ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስተያዩ።

ደም መፍሰስን የሚያመለክቱ፦ የማይቆም ነስር ወይም የድድ መድማት፣ ቀይ ወይም ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፤ አራስ ከሆነች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም፤ ከባድ የራስ ምታት። ወድቆ ራሱን የተመታም ደህና ነኝ ቢል እንኳ ይታይ።

ከዚህ ሌላ፣ ፊት ካበጠ ወይም ሰውነት ሁሉ ካሳከከ መድኃኒቱ አልተስማማም ማለት ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎም መድኃኒቱ ፕላትሌት የሚባሉትን ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት ይቀንሳል። ይህ በአብዛኛው የሚታየው ከጀመሩ በ5ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ነውና ለደም ምርመራ ከተቀጠራችሁ አትቅሩ። ነፍሰ ጡር ሆና የምትወጋ እናት ምጥ ሲጀምራት የሚቀጥለውን መርፌ ሳትወጋ ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ መጨረሻ የተወጋችበትንም ሰዓት ትናገር።

«ገብቶኛል» ከማለታችን በፊት

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ «ገብቶናል» ሲሉኝ አላምናቸውም። «እስቲ ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ይህንኑ እኛም ከሐኪም ቤት ከመውጣታችን በፊት ማድረግ አለብን። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያም የሚከተሉትን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ለነርሷ ንገሯት፦

- መርፌው የታዘዘልኝ ለምንድን ነው?
- ስንት ነው፣ በስንት ሰዓት ይወጋል?
- የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?
- ምን ሳይ ነው ወዲያው የምመጣው?
- ሌሊት ቢያመኝ ማንን ልጥራ?

ከእነዚህ አንዱን መመለስ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አለማወቁን የደበቀም እንደዚያው ነው። እኔ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሬ ባለቤቴን ሦስት ወር አሳመምኳት። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ወደ ጎረቤቱ ጎራ ብሎ፣ «አራሷ መርፌዋን ተወጋች?» ብሎ ቢጠይቅልኝ ድካሜ ከንቱ አልቀረም።